ጎጆ መውጣትና የወላጅ ድርሻ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከወላጅ ቤት ተለይቶ ራስን ችሎ መኖር በአማርኛ «ጎጆ መውጣት» ይባላል። አነጋገሩ ሲሰማ መውጣቱ የልጁ የብቻ ሥራ ይመስላል። የቀድሞውን የገጠር ልማድ ለተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጅ ሲዳር የሁለቱ ወገን ወላጆች በማጫው ይነጋገራሉ፤ አቅም ያለው አባት ከብት ይሰጣል፣ ከእርሻውም ይከፍላል፤ ጎጆውን የሚያቆመው ደቦ ነው። ባዶ እጁን የሚወጣ ልጅ ቢኖር፣ ወይ ኰብላይ ነው ወይ ወላጅ የሌለው።

ከተሜው ደግሞ በሌላ መንገድ ወጣ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ላከው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ከየቤታቸው አወጣ። በደርግ ዘመንም የዲግሪ ምሩቅ የምደባ ደብዳቤውን ይዞ፣ በ500 ብር መነሻ ደመወዝ ይሄድ ነበር። መከራው ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። ሆኖም የት እንደሚሄድና በምን እንደሚኖር ሌላ አካል ወስኖለታል።

ዛሬ ለጡረታ የተቃረበች አንዲት የአዲስ አበባ መምህርት ትታሰብ። ልጇ በምሕንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። ሥራ አገኘ፤ ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ጓደኛው ሥራ አጥቶ ሲለቅ ኪራዩን ብቻውን መቻል አቃተው፤ በሰባተኛው ወር ፍራሹን ጭኖ ተመለሰ። እናት በሩን ስትከፍት ደስም አላት፤ አዘነችም። ከዚያ ወዲህ ልጁ እራት ላይ ቀና አይልም። ጎረቤት «መቼ ነው የምትድሪው?» ስትላት፣ ልጇ እንዳይሰማ ወሬ ትለውጣለች። እርሷ በ22 ዓመቷ ደመወዝተኛ እንደ ነበረች ልትነግረው ትጀምርና ትተወዋለች። መተዋ ደግ ነው፤ እርሷን ያስወጣት ምደባ ለልጇ የለም።

ለሴት ልጅ ይብሳል። ሳታገባ ለብቻዋ ቤት ስትጠይቅ አከራይ ሁሉ መርማሪ ይሆንባታል።

በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቈጠራል፤ ብዙዎች ዕጣ ሳይወጣላቸው ልጆቻቸው አደጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳያልፍ ሳይሆን፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ግን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በጎ ነው፤ ለጀማሪ ደመወዝተኛ ግን ሁለት ወሩም ተራራ ነው።

መምህራን በየትምህርት ቤቱ ዕቁብ ይጥላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ ሠርግ እየታሰበ። ያ ገንዘብ ለሁለት ወር ኪራይ፣ ለፍራሽና ለምድጃ ቢውል የዘመኑ ማጫ ይሆናል። ልጁም ምጽዋት እንዳይመስለው ብድር ብሎ ይቀበለው፤ ሠርጉን ቆይቶ በራሱ ይደግሳል።