ቀለሙን የሚለውጠው የመስኮት መስተዋት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የሰው ልጅ ቤት ሲሠራ ከመስኮቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ብርሃን እንዲገባለትና ሐሩር እንዳይገባበት ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ የሚመጡት አብረው ነው። መጋረጃ ቢጋርድ ሐሩሩ ሲቀንስ ብርሃኑም ይቀንሳል፤ ተማሪውም በቀትር መብራት አብርቶ ለማንበብ ይገደዳል። ይህን ችግር ለማቃለል ሊቃውንት በኤሌክትሪክ የሚጠቁርና የሚጠራ መስተዋት ሠርተዋል። እኛም ለመኖሪያ ቤት ይበጅ እንደ ሆነ በአጭሩ እንመረምራለን።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። በመስተዋቱ ገጽ ላይ ከጠጕር እጅግ የቀጠኑ ንጣፎች ይለበጣሉ። ከነዚህም አንዱ ብዙውን ጊዜ ተንግስተን ኦክሳይድ ነው፤ ተንግስተን የቀድሞው አምፑል ክር የሚሠራበት ብረት ነው። ጥቂት ቮልት ኤሌክትሪክ ሲላክ በስልክ ባትሪ ውስጥ እንዳለው ያለ የሊቲየም ቅንጣት ወደዚህ ንጣፍ ይገባና መስተዋቱ ሰማያዊ ሆኖ ይጠቁራል። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ቅንጣቱ ይወጣል፤ መስተዋቱም ይጠራል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር፥ የመሥሪያው ነገር ቢለይም፥ መስኮቱ በአዝራር የሚጠቁር ነው።

ጥቅሙ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ሐሩሩ ሲቀንስ ውጭውን ማየት አይቀርም። ሁለተኛ፥ በደጋ አገር ጧት ይበርዳል፥ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነ መስተዋት የጧቱንም ሙቀት ሲከለክል ይህኛው እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ሦስተኛ፥ በቆላ የአየር ማቀዝቀዣውን ሥራ ያቀልለታል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። አንደኛ፥ ከተራው መስተዋት እጅግ ውድ ነው፤ ሽቦና መቆጣጠሪያም ይፈልጋል። ሁለተኛ፥ ሰፊ መስተዋት እስኪጠቁር ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ሦስተኛ፥ ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ ያለ ሰው ውስጡን ስለሚያይ መጋረጃው አይቀርም። ከዓይን ለመሰወር የሚያገለግል በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ እርሱ ግን ጥርት የሚለው ኤሌክትሪክ ሳለ ብቻ ስለ ሆነ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ እንደ ወተት ይነጣል። አራተኛ፥ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ይህን መስተዋት የሚሠራው ቪው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። መስኮት ግን የልጅ ልጅ የሚገለገልበት ዕቃ ነው።

እንግዲህ የኛ አሳብ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በቀትር ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ያለውን መስኮት ወጣ ያለ የጣራ ክፍክፍ ይጋርደዋል። አስቸጋሪው ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትገባበት የምሥራቁና የምዕራቡ ነው፤ ለርሱም በረንዳ፥ ዛፍ ወይም በውጭ በኩል የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ይበቃዋል። ሐሩሩ ከገባ በኋላ ከመታገል ከደጅ መመለስ ይሻላል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን?

በከተማችን ሰፊ መስተዋት ተገጥሞላቸው ቀኑን ሙሉ መጋረጃ የተዘጋባቸው ቤቶች እናያለን። ባለቤቱ ለብርሃን ከፈለ፥ ብርሃኑን ግን አላገኘም። ለዚህ ስሕተት ውድ መስተዋት መድኃኒት ከመሆኑ በፊት የመስኮቱን ስፋትና አቅጣጫ ማስተካከል ይቀድማል። የቤቱን አቅጣጫ መምረጥ ለማይችለው የፎቅ ቤት ነዋሪ ግን፥ ዋጋው በረከሰና ጠጋኝ በተገኘ ጊዜ፥ ይህ መስተዋት እውነተኛ ረዳት ይሆነዋል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ቤት ስትሠሩ ስለ መስተዋቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባ ጠይቁ። ነገ መሐንዲስና ግንበኛ የምንሆን እኛም ይህን ጥያቄ አንርሳ።