ሰባራ ድልድይና የገመድ መሻገሪያ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የዘመናዊቱ ቻይና መጓጓዣ» የሚል ነው። ስለ ቻይና ባቡር ብቻ ብናገር ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን መድገም ይሆንብኛል። ስለዚህ ነገሩን ከቢቸናና ከሞጣ በኩል ልጀምረው፤ ቻይናም በኋላ ትመጣለች። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ አገራችን የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፥ በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በተከፈተው ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከዚያ አንደኛው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያቀና፥ ሁለተኛው በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ደርሶ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። አውቶቡሱም፥ አይሱዙውም፥ ሚኒባሱም የሚመላለሰው በዚሁ ነው። ከ2023 ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፥ ተሳፋሪ ከመነሣቱ በፊት ወሬ መጠየቅ ግድ ሆኖበታል። የእኔ ነገር ግን ከመኪናው መንገድ ወጥቶ ወደ ዓባይ ገደል ስለሚወርደው እግረኛ ነው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረደ ሁሉ ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት፥ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሰው የተሻገረው በገመድ ነበር። ከወዲህና ከወዲያ ጕልበተኞች ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በክፍተቱ ላይ እየተንጠለጠለ ይጎተታል። ከበታቹ ዓባይ ነው። ለገበያም፥ ለለቅሶም፥ ለሠርግም መንገዱ ይኸው ነበር። ገመዱን የፈራ ወደ ላይ ወደ ጢስ ዓባይ ይዞር፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ይህ ዙሪያ ጥምጥም ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ መናገር አያሻኝም።

ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህን መሻገሪያ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አይቶ ተነሣ፤ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። (እኛ በዓይናችን ስናየው የኖርነው ነገር የሚያስደነግጥ መሆኑን የነገረን የውጭ አገር መጽሔት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።) በ2005 የክረምት ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ግን ጎርፍ እንዳይደርስበት ከፍ ተደርጎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። መኪና አያሳልፍም፤ ሰውን ግን ያሳልፋል።

አሁን ወደ ቻይና እንሂድ። በ2008፥ የዓባያችን አዲስ ድልድይ በተከፈተበት ዓመት፥ ከቤጂንግ ወደ ቲያንጂን በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር ሥራ ጀመረ። ነገር ግን በዚያው ዘመን፥ በዩናን አውራጃ በኑ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፥ የሊሱ ሕዝብ ወንዙን የሚሻገረው በተወጠረ የብረት ሽቦ ላይ በመዘውር እየተንሸራተተ ነበር። ተማሪውም ገበያተኛውም እንዲሁ። ሁለቱም ቻይና ናቸው። ልብ ያልኩት የባቡሩን ፍጥነት አይደለም፤ መንግሥቱ ከ2013 ጀምሮ የሽቦ መሻገሪያዎቹን ቈጥሮ በድልድይ ለመተካት በዕቅድ መነሣቱን ነው። እኛ በ2015 በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ የተሠራውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አየን፤ ይህን የቈጠራ ሥራቸውን ግን አላየንላቸውም።

ቈጠራ ደግሞ ብድር አይጠይቅም። ለዕረፍት ወደ ቢቸና፥ ወደ ሞጣ፥ ወደ ደብረ ወርቅ የምትሄዱ ጓደኞቼ፥ አንድ ደብተር ያዙ። በየቀበሌያችሁ ያለው ወንዝ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደማይሻገሩት፥ ዙሪያው የስንት ሰዓት መንገድ እንደ ሆነ፥ ገበያው በየትኛው ዕለት እንደሚውል፥ ሰው የተወሰደበት መሻገሪያ የት የት እንደ ሆነ ሽማግሌዎችንና ውኃ ቀጂዎቹን እናቶች ጠይቃችሁ ጻፉ። የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ የገደሉን ስፋትና ጎርፉ የወጣበትን ምልክት ለኩ፤ የ2002ቱን ሥራ ያስወሰደው ከፍታው ነውና። ደብተሮቹን ትምህርት ሲከፈት እዚሁ አዳራሽ እንሰብስባቸው፤ ካርታውን አንሥቶ ለመጀመር እኔ ተመዝግቤአለሁ።