ቃል የተገባለት ልጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ የተሰማ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ንግግር እንዳሰማ በተመረጥሁ ጊዜ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንድናገር የመከሩኝ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ያን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ታላላቆቻችን አሳምረው የሚናገሩት ስለ ሆነ፣ እኔ በዚሁ ግቢ የሰማሁትንና ከሰማሁት ወዲህ ከልቤ ያልወጣውን አንድ ነገር ላካፍላችሁ ወሰንሁ። ነገሩም የሰው አገር ልጆችን በእንግድነት ተቀብለው፣ በማደጎ ልጆቻቸው ሊያደርጓቸው ተስፋ ስላደረጉ አንድ አባት ነው።

እኒህ ሰው አሜሪካዊ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለጥቂት ወራት ሒሳብ ሊያስተምሩን መጥተው ነበርና ብዙዎቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ «ስሜ ግን አይነሣ» ስላሉኝ ስማቸውን አላነሣም።

አስቀድሜ የነገሩን አሠራር ላስረዳ። በአሜሪካን አገር፣ በማሳደጊያ ቤት የሚኖሩ የውጭ አገር ልጆችን በትምህርት ዕረፍት ወይም በገና ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት በቤታቸው የሚያስተናግዱ ቤተሰቦች አሉ። ከላትቪያና ከኮሎምቢያ፣ ከጦርነቱ በፊትም ከዩክሬን በዚህ መንገድ የሄዱ ልጆች ብዙዎች ናቸው። የጉዞውን ወጪ አስተናጋጁ ይከፍላል፤ ቀኑ ሲሞላም ልጁ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ ማስተናገድ እንጂ ማደጎ አይደለም። ስለዚህም ጉዞውን የሚያዘጋጁት ማኅበሮች «በልጁ ፊት የማደጎን ነገር እንዳታነሡ» ብለው አስተናጋጆቹን ያስጠነቅቃሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አስተናጋጆች ይህንኑ ተስፋ በልባቸው ይዘው ይቀበላሉ።

መምህራችንና ባለቤታቸው በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. ከዩክሬን የመጡ ሁለት ልጆችን ተቀበሉ። ልጅቱ የ12 ዓመት፣ ወንድሟ የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ። የእንግድነቱ ጊዜ አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ልጅቱ ከማዕድ እንደ ተነሡ ማንም ሳይቀድማት የራሷን ሳህን ታጥባለች፤ ቀጥላም የወንድሟን ታጥባለች። «ተይው» ቢሏትም እሺ አትልም። ልጁ ደግሞ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በየማለዳው አንድ ቀን ይሰርዛል። መምህራችን ልጁ የገናን ቀን የሚጠባበቅ መስሏቸው ነበር። ገና ካለፈም በኋላ መሰረዙን ባላቆመ ጊዜ፣ የሚቈጥረው የቀረችውን ቀን እንደ ሆነ ገባቸው።

የመሄጃው ቀን ደረሰና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ። ልጁ የመምህራችንን እጅ ይዞ አልለቅም አለ። እሳቸውም ከልጆቹ ቋንቋ የተማሯቸውን ጥቂት ቃላት ሰብስበው «ቤትህ እዚህ ነው፤ መጥቼ እወስድሃለሁ» አሉት። እንዳይሉ የተነገራቸውን ቃል ነው ያሉት። ልጁ እጁን ለቀቀና ወደ ኋላ ሳይመለከት ሄደ። «ያጽናናሁት እሱን መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ያጽናናሁት ራሴን እንደ ሆነ ዐወቅሁ» ሲሉ ነግረውናል።

ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ለመፈጸም ያላደረጉት ነገር የለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ልጆቹን ዳግመኛ አስተናገዱ። የማደጎ ማመልከቻም አዘጋጁ፤ ኑሯቸው ተመረመረ፣ ቤታቸው ታየ፣ አሻራ ሰጡ፣ ወረቀቱ ሁሉ እየተተረጐመ ማኅተም ተመታበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሮች በር ተዘጋ። ወረርሽኙ ቀለል ብሎ ነገሩ እንደ ገና በተንቀሳቀሰ ጊዜ፣ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ዩክሬንን ወረረ። የዩክሬን መንግሥትም በጦርነት ጊዜ ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በማደጎ መስጠት እንደማይቻል አስታወቀ። ሁለቱ ልጆች ከማሳደጊያ ቤታቸው ጋር ወደ ፖላንድ ተሻገሩ።

በሌላ በኩል ዕድሜ አይጠብቅም። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ላለው ማደጎ ማመልከቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በዚያው ቤተሰብ በማደጎ የተወሰደለት ልጅ ሲሆን ግን እስከ 18 ዓመት ይፈቀዳል። መምህራችን በየልደቷ ቀን ለልጅቱ የመልካም ምኞት ካርድ ሲጽፉ እጃቸው ይከብድ ነበር።

ይህን ሲነግሩን ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ሕጉ ጨካኝ አይደለምን?» ሲል ጠየቀ። የመለሱለትን እነሆ ልንገራችሁ። በዩክሬን ከጦርነቱ በፊት ከ90,000 የማያንሱ ልጆች በማሳደጊያና በአዳሪ ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ የብዙዎቹም ወላጆች በሕይወት ያሉ ናቸው። ልጆቹን ከቤት ያስወጣቸው ድህነት፣ በሽታ፣ መጠጥ ወይም የወላጅ አቅም ማጣት ነው። በጦርነት ደግሞ ሰው ይበተናል፤ መዝገብ ይጠፋል፤ የሞተው ከተሰደደው አይለይም። በዚያ ግርግር ልጅ ለሌላ አገር ሰው ቢሰጥ፣ ነገ ፈልጋ የምትመጣው እናት ባዶ አልጋ ታገኛለች። የሁለቱ ልጆች አክስት በ2015 ዓ.ም. ራሷ ከስደት ስትመለስ ልጆቹን አፈላልጋ አገኘች፤ አሳዳጊያቸውም ሆነች። «በሕጉ ሳዝን በኖርሁባቸው ወራት ሕጉ ይህችን ሴት እየጠበቀ ነበር» አሉን መምህራችን። ይህን ሲናገሩ ደስ ያላቸውም ያዘኑም ይመስሉ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ልጅቱ አንድ ቀን በስልክ ያልሰሙትን ነገር ነገረቻቸው። ወንድሟ ከመጀመሪያው ጉዞ በተመለሰ ማግሥት ካፖርቱንና ኳሱን ለጓደኞቹ አደለ። «እኔ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ይህ አያስፈልገኝም» አለ። የቀረውን የብርድ ወራት ያለ ካፖርት አሳለፈው። ልጅቱም «ባይነግሩት ይሻል ነበር» አለቻቸው። መምህራችን የሚመልሱት ቃል አጡ።

ዛሬ ከአክስታቸው ጋር ተስማምተው ለልጆቹ ትምህርት ገንዘብ ይረዳሉ፤ በየቅዳሜውም አክስትየዋ በወሰነችው ሰዓት ይደውላሉ። ስለ መምጣትና ስለ መውሰድ ከእንግዲህ አያነሡም። «አሁን ለልጁ የምነግረው ቃል ‘ቅዳሜ እደውላለሁ’ የሚል ብቻ ነው፤ ቅዳሜም እደውላለሁ» አሉን። እዚህ አገር በነበሩ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢው ማዕዘን ካለው ዛፍ ሥር ስልክ ይዘው የሚቆሙት ለዚህ ነበር። ሥፍራውን የመረጡት የስልኩ መስመር በዚያ ስለሚሻል ነው።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው እለምናችኋለሁ። የእኛም አገር ልጆች በሺሕ የሚቈጠሩ በማደጎ ወደ ውጭ ሄደዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት 2,500 ያህል ልጆች ሄደው ነበር። በመልካም ቤት ያደጉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ወላጅ እያላቸው የሙት ልጅ ተብለው የተመዘገቡም ነበሩ፤ «ተምሮ ይመለሳል» የሚለውን ቃል አምነው ልጃቸውን የሰጡ አባቶችና እናቶችም ነበሩ። በዚህም ምክንያት በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰው በማደጎ መስጠትን ከለከለ።

ያለ ትልቅ ተስፋ ቃል ሌላውን መርዳትም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ወታደሮቻችን በ1945 ዓ.ም. ገደማ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ለጦርነቱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። በእጃቸው ያለውን፣ ማለት እንጀራና መጠለያ፣ ሰጡ፤ ልጆቹም በአገራቸው አደጉ።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ነገር ደረስሁ። ይህን እንድናገር አባቴን ለምኜ ፈቅደውልኛል። በቤታችን ከገጠር የመጣች፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች የዘመድ ልጅ አለች። በዘጠኝ ዓመቷ ስትመጣ አባቴ ለእናቷ «አስተምራታለሁ» ብለው ቃል ሰጥተው ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ለሁለት ዓመት አብረን ተማርን። ታናሽ ወንድሜ በተወለደ ጊዜ ግን ሕፃኑን እንድትይዝ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተብላ ከትምህርት ቀረች። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት ሆነው። እኔ ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ የዛሬን ልብሴን የተኮሰችልኝ እሷ ናት። በእነዚህ ሰባት ዓመታት እኔም አንድ ቀን እንኳ ስለ እሷ ጠይቄ አላውቅም።

መምህራችን ታሪካቸውን በነገሩን ማታ ለአባቴ ሁሉን አጫወትኋቸው፤ በመጨረሻም ያን ቃላቸውን አስታወስኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ረስቼው አይደለም፤ ባነሣው ስለማፍር ነው» አሉ። በሳምንቱ የማታ ትምህርት ቤት የመመዝገቢያ ቅጽ አመጣሁ፤ እኔ ሞላሁት፣ እሳቸው ፈረሙበት። ካቆመችበት ከአራተኛ ክፍል ትጀምራለች። ወሬውን ስነግራት አልሣቀችም፤ አላለቀሰችምም። «ቀኑ መቼ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መስከረም እንደ ሆነ ነገርኋት፤ ቀኑንም በማድ ቤቱ ግድግዳ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አብረን አከበብንበት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ለትልቅ ሰው የተሰጠ ቃል ቢፈርስ ሰውየው ይከሳል፣ ይሟገታል፣ ወይም ይረሳል። ልጅ ግን አምኖ ካፖርቱን ይሰጣል። እንግዲህ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣው ተማሪዎች ነገ እናት፣ አባት፣ መምህርና ሹም እንሆናለንና ለልጅ ቃል ከመስጠታችን በፊት ልንፈጽመው እንደምንችል እንመርምር፤ ከሰጠን በኋላ ደግሞ ቀኑን ጽፈን እንያዝ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።