የሚወጋ ሕመም በጀርመንኛ



ጀርመን ሄዶ በነርስነት ለመሥራት የሙያ ማስረጃ ብቻ አይበቃም፤ በአብዛኛው ቢ2 የተባለው የቋንቋ ደረጃም ይጠየቃል። ያንን ደረጃ የሚፈልገው ባለሙያ ግን ተማሪ አይደለም። አዳር ተረኛ ነው፤ ልጅ ያሳድጋል፤ ቤት ሲገባ እንቅልፍ ይጥለዋል።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶቹ አማርኛ ለማስተማር 44 ሳምንት፣ ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ የሚደረገው ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በዚህ ቁጥር አይለካም፤ ለግምት ያህል ግን እንውሰደው። ዲፕሎማቱ ደመወዙ እየተከፈለው ሙሉ ቀን ይማራል። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያላት ነርስ ያንኑ ሰዓት ለመሙላት ስድስት ዓመት ያስፈልጋታል። የኮምፒዩተር የቋንቋ ማስተማሪያ ፕሮግራም ይህን ሒሳብ አይሽረውም፤ ግማሽ ሰዓቷ እንዳይባክን ግን ያግዛታል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የተማርነውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንረሳለን፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ፕሮግራሙም ቃሏን ልትረሳት ስትል መልሶ ያመጣላታል። የያዘቻትን ደግሞ ያሳርፋታል።

እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የማደንቅለት ትዕግሥቱን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሠራች ሲስተር በክፍል ውስጥ በልጇ ዕድሜ ካለ ተማሪ ፊት መንተባተብ ያሳፍራታል። አፏን ትዘጋለች። ማሽኑ ግን አይስቅባትም፤ አርባ ጊዜ ብትሳሳት አርባ ጊዜ ይሰማታል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በየስልካችን ያለው ማስተማሪያ የሚጀምረው «ልጁ ፖም ይበላል» በሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። ክፉ አይደለም፤ ፖምም ይበላል። ነርሷ ግን ሽማግሌውን በሽተኛ «ቮ ቱት ኤስ ቬ?»፣ የት ነው የሚያምዎት፣ ብላ ስትጠይቅ የሚመልሱላትን፣ የሕመሙንም ዓይነት መለየት አለባት። «ሽቴኽንት» ካሉ ይወጋኛል ማለታቸው ነው፤ «ብሬነንት» ካሉ ያቃጥለኛል። «ዱምፍ» ለሚሉት ግን አማርኛው ቶሎ አይመጣም፤ ጠልቆ የሚሰማ፣ ስፍራው የማይለይ ሕመም ነው። እኛስ ቁርጥማት የምንለውን በጀርመንኛ በአንድ ቃል እንድንገልጸው ብንጠየቅ? በሽተኛውም ቢሆኑ ጥርሳቸውን አውልቀው፣ በሰፈራቸው ዘዬ እያጉተመተሙ ነው የሚናገሩት።

ስለዚህ እናንተን የጤና ባለሙያዎች የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የፕሮግራሙን የቃላት ካርድ ራሳችሁ ሙሉት። በተረኝነታችሁ የምትናገሩትን፣ የርክክቡን፣ የመድኃኒቱን፣ የቁስል እጥበቱን አማርኛ ሰብስባችሁ ለመምህሩ ስጡት፤ እሱ በጀርመንኛ ይሥራው፣ ድምፁንም ይቅዳላችሁ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ዝጉና ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዷ ነጭናጫ በሽተኛ ትሁን፤ አንዷ ትጠይቃት። በሽተኛዋም በቀላሉ አትመልስላት።