ጢስን በመተማ ቈላ ማቀዝቀዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በመተማ ዮሐንስ አካባቢ ሰሊጥ ታጭዶ በሂላ ከደረቀና ከተራገፈ በኋላ የአገዳው ዕጣ ብዙ ጊዜ እሳት ነው። የጥጡም እንጨት እንዲሁ። ይህ አገዳ አየር በማይገባው በርሜል ተዘግቶ ከውጭ ቢነድድበት ከሰል ይተርፋል፤ የሚወጣውም ጢስ ሲቀዘቅዝ ውኃ፥ የኮምጣጤ አሲድ፥ ፌኖልና ሬንጅ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሬንጁ ሲለይለት ሥጋና ዓሣ የሚታሽበት ፈሳሽ ጢስ ይሆናል።

ችግሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። መጻሕፍቶቻችን የሚያሳዩን ቀዝቃዛ ውኃ ያለማቋረጥ የሚፈስበትን ቧንቧ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። 1 ሊትር ውኃ የሚወጣው እንፋሎት ፈሳሽ እስኪሆን 540 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃል። ደባርቅ ላይ ማቀዝቀዣው ውኃ በ15 ዲግሪ ገብቶ በ50 ቢወጣ 15 ሊትር ያህል ይበቃል። መተማ ላይ በ35 ዲግሪ ቢገባ ግን 36 ሊትር ይጠይቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ይህን ሁሉ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? እናቶቻችንና እኅቶቻችን በጀርባቸው የሚያመጡት ከሆነ፥ እኔ በበኩሌ መሣሪያው ቢቀር እመርጣለሁ።

ነገር ግን እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ስለሚተን አይደለምን? 1 ሊትር ውኃ ሲተን ከ540 ኪሎካሎሪ የማያንስ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቧንቧውን በጆንያ ጠቅልለን፥ እያረጠብን፥ ለነፋስ ብናጋልጠው 36ቱ ሊትር ወደ ጥቂት ሊትር ይወርዳል። የበጋው ደረቅ ነፋስ ለዚህ ሥራ ረዳት ነው እንጂ ጠላት አይደለም።

ቧንቧው ረጅምና ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። በፊቱ ባዶ ገንቦ ቢገባበት ከባዱ ሬንጅ እዚያ ይቀራል፤ ቧንቧውም አይደፈንም። ዚንክ የተለበጠውን ቧንቧ አሲዱ ስለሚበላው የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል፤ ከወጪው ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

ፈሳሽ የማይሆነው ጋዝ ይነድዳልና ወደ ምድጃው ይመለስ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ሥራው በዝግ ቤት ከቶ አይሞከር። ሬንጁም ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበትና፥ ፈሳሹ ለሳምንታት ሳይዘቅጥና ሳይመረመር ወደ ምግብ አይግባ።

የኬሚስትሪ ጓደኞቼ ፈቃዳቸው ቢሆን በመጪው ዕረፍት በአንድ በርሜልና በአንድ ጆንያ እንጀምር፤ የወጣውን ጢስ ብቻ ሳይሆን የፈሰሰውንም ውኃ እንለካለን።