ወደ ነርስነት ዲግሪ የሚያስገባው በር




ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግሩ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት አመልካች ያገኛል። አንደኛው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ገና የተቀበለ፣ ወረቀቱን በላስቲክ አቃፊ ይዞ ከአባቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋር የሚመላለስ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ ከሌሊት ተረኝነት የወጣች፣ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በቦርሳዋ የያዘች፣ በዲፕሎማ ወይም በደረጃ አራት ተመርቃ ለዓመታት ያገለገለች ነርስ ናት። የሁለቱም ምኞት አንድ ነው፤ ይኸውም በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ። የሚገቡበት በር ግን አንድ አይደለም፤ የዚህም ንግግር ርእስ የበሩ ጉዳይ ነው።

በሩ ምን ጊዜም ዛሬ ባለበት ስፍራ አልቆመም። ዘመናዊው የነርሶች ሥልጠና በ1942 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አማካይነት፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ይባል በነበረው በዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል ሲጀመር፣ ከአመልካቿ የሚጠየቀው የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅም የማኅበረሰብ ነርሶችን የተቀበለው በዚያው ደረጃ ነው። ይህን የሰማ የዛሬ ወጣት ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚገኘው እንደ እቴጌ መነን ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ ስለ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍልን የፈጸመች ልጃገረድ ከእኩዮቿ መካከል በጣት የምትቆጠር ነበረች። ከዚህም በላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር፣ በወረቀት ያልተጻፈው ትልቁ መመዘኛ የቋንቋ ችሎታ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ፣ ሥልጠናውን ፈጽማ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገበች የሕፃናት ነርስ ለመሆን በቅታለች። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሠርታለች። በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ያረፈችው ይህች ልዕልት የንጉሥ ልጅነቷ ከፈተና አላዳናትም።

በየሆስፒታሉ ተበታትነው የነበሩት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ኋላ በጥቁር አንበሳ በማዕከላዊ የነርሶች ትምህርት ቤት ተጠቃለሉ፤ እርሱም ዘግይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። የመግቢያው ደረጃም ከስምንተኛ ወደ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከፍ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የመካከለኛው ሥልጠና በር ዐሥረኛ ክፍልን ለጨረሱ፣ የዲግሪው በር መሰናዶን ለፈጸሙ ተከፈተ። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ነርሶች ብዙዎቹ በዚያ በዐሥረኛ ክፍል በር የገቡ ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚነሣውም ክርክር ከዚሁ ይመነጫል።

የዛሬው መደበኛ በር በአጭሩ ይህ ነው። አመልካቹ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን፣ በብሔራዊው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ማምጣት፣ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ የተወሰነለትን የማካካሻ ትምህርት ተከታትሎ ማለፍ ይኖርበታል። የኀምሳው ወሰን ምን ያህል የጠበበ እንደ ሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ ማለትም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ወጣቶች መካከል ወሰኑን ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል።

ውጤት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ከታማሚው አልጋ አጠገብ ይገኛል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል እንበል፤ የመስጫው ቱቦ በአንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ያወርዳል። ነርሷ 1,000ን በ20 አባዝታ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍላ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ መሆኑን እዚያው ቆማ ማወቅ አለባት። በሕፃን ላይ የዐሥርዮሽ ነጥብ አንድ ቤት ቢንሸራተት መድኃኒቱ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሒሳብና ኬሚስትሪ ለነርስ ጌጥ አይደሉም። የመግቢያውን ወሰን ዝቅ በማድረግ ለሙያው የተቆረቆሩ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ስሌት ቢያስቡት መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ውጤት ብቻውን የማይለካው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ነርሶችና አዋላጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ባወጣው መመዘኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትንና የሳይንስና የሒሳብ መሠረትን ከጠየቀ በኋላ፣ አመልካቹ በጤና መስክ የማገልገል ፈቃድ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ፈቃድ በምን ይመዘናል? የጭንቀቱ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የሚመደበው በውጤቱና በሞላው የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። ሕክምናን ሽቶ ያጣ፣ ፋርማሲን ሽቶ ያጣ ወጣት በመጨረሻ ነርስነት ይደርሰዋል። ከእነዚህም መካከል ሙያውን ከገቡበት በኋላ የወደዱ፣ ዛሬ ክፍል የሚመሩ አሉ፤ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል አዙሮ የሚቀመጠውም አለ፣ የእርሱንም ዋጋ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የነርስነት አመልካችን በቃለ መጠይቅ ይመርጣሉ። ለዚህም አገር ይህ ይበጃል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ በመልካም ልቡና የመጣ ቢሆንም ያሠጋል። የፈተና ወረቀት ዘመድ አያውቅም፤ ቃለ መጠይቅ ግን አማላጅን ሊያውቅ ይችላል፤ ከገጠር የመጣችውን፣ አንገቷን ደፍታ በዝግታ የምትናገረውን ልጅ ደግሞ ደፋር በሆነ የከተማ ልጅ ሊለውጣት ይችላል። ይልቅስ ተማሪው ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት ጥቂት ቀን በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ ነርሶችን ተከትሎ ቢውል፣ ቁስል ሲታጠብ፣ አልጋ ሲነጠፍ፣ ሬሳ ሲገነዝ ቢያይ፣ ነጥብም ባይሰጥበት፣ ራሱን በራሱ የሚመዝንበት ዕድል ያገኛል።

ወደ ሁለተኛዋ አመልካች እንመለስ ዘንድ ይገባል፤ ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው በእርሷ ነው። ደረጃ አራትን ጨርሳ፣ የብቃት ምዘና ፈተናውን አልፋ፣ ለዓመታት በሕፃናት ክፍል የሠራች ነርስ ያንን የጠብታ ስሌት በእንቅልፍ ልቧ ታውቀዋለች። ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ በመንግሥት ምደባ ወደ ሥልጠናው ስለ ገባች የመሰናዶ ትምህርት የላትም፤ ያ ግን የእርሷ ጥፋት አይደለም። በሩን ጨርሶ ቢዘጉባት የሆስፒታሎች የሌሊት ተራ የቆመባቸው እጆች ተስፋ ይቆርጣሉ። ያለ አንዳች ፈተና ቢከፍቱላት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ዲግሪዋ ነው፤ የፊዚዮሎጂ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነውና። ሚዛኑ ያለው የሥራ ልምዷን ለተግባር ትምህርቱ በሐቅ በመቁጠር፣ የጎደላትን የሳይንስና የቋንቋ ትምህርት ግን ቀድሞ በማስተማር ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 የተሻሻለው መመሪያም ሁለት በር ትቷል፤ ለዩኒቨርሲቲው የዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ለሙያ ትምህርት ቤቱ የዐሥር ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ይጠይቃል፤ የሥልጠናው መጠን ግን ለሁለቱም ከ4,600 ሰዓት እንዳያንስ ያዛል።

የመግቢያው ጉድለት በመግቢያው ላይ ብቻ አይቀርም። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ከ2011 ዓ.ም.፣ የዲግሪ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ስለ ሆነ፣ በሰበብ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ የክፍያ ደረሰኝ ከመቁረጥ በፊት አመልካቿ ጥቂት ነገር ልታጣራ ይገባል። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ተብሎ መነገሩ አይበቃም፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለትምህርት ዓይነቱና ለካምፓሱ በተናጠል ነው። በሌላ ካምፓስ ወይም ለሌላ ሙያ የተሰጠ ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ለነርስነት ዲግሪ አያገለግልም። የዐሥረኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዋ፣ የደረጃ አራት የውጤት መግለጫዋ፣ የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀቷ በላያቸው ያለው ስም ፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። የአያት ስም በአንዱ ተጽፎ በሌላው ከቀረ፣ ማስተካከያው ትምህርቱ ሳይጀመር እንጂ በምረቃው ዋዜማ አይሁን። ማመልከቻዋን የሚቀበለው የሬጅስትራር ሠራተኛም ይህን በመስኮቱ ላይ በአማርኛ ጽፎ ቢለጥፍ ከሌሊት ተረኝነት የመጣችውን ነርስ ከብዙ ምልልስ ያሳርፋታል።