የጥድ አጥርና ክሽክሽ፦ ከመርጨት በፊት ማየት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




በዩኒየን በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የገበያ ጉዳይ ነው። የጥድ አጥርን የሚያነሣ የለም። ይሁን እንጂ በደጋውና በወይና ደጋው የፈረንጅ ጥድ የአርሶ አደሩን ግቢ ያጥራል፤ ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ያስውባል። ችግኙን አፍልቶ የሚሸጥም አለ። ለዓመታት ተኮትኩቶ ያደገውን ይህን አጥር በአንድ በጋ ሊያደርቀው የሚችል ተባይ አለ፤ እሱም የጥድ ክሽክሽ ነው።

የተባዩ አመጣጥ

የጥድ ክሽክሽ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። በአፍሪካ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደርሷል። ኢትዮጵያም ከተዛመተባቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች የገደላቸው ዛፎች ዋጋ 44 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚሆን ተገምቷል። ክንፍ ያለው ክሽክሽ በነፋስ ይጓዛል፤ ሩቅ ቦታ የሚያደርሰው ግን ሳይመረመር የሚጫን ችግኝ ነው።

ጉዳቱ ከውስጥ ይጀምራል

ነፍሳቱ ቡናማ፣ ለስላሳና ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ነው። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ ቁጥሩ በአጭር ጊዜ ይበዛል። የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ ምራቁ ተክሉን ስለሚመርዝ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ድርቀቱ የሚነሣው ከአጥሩ ውስጥ ነው። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው አጥሩ አረንጓዴ ይመስለዋል፤ ቡናማው ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ጊዜው አልፏል። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

አሰሳ

ስለዚህ በተለይ ዝናብ በሚጠፋባቸው ወራት በየሳምንቱ አጥሩን ገልጦ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ቅርንጫፉን መታ መታ ቢያደርጉት ክሽክሹ ይረግፋል። የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታና ግንዱን ይዞ የሚመላለስ ጉንዳን ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ሳይኖሩ ውስጠኛው ቅጠል ብቻ ቢደርቅ ግን ምክንያቱ ጥላ ወይም የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል።

ርጭት የመጨረሻው ነው

አጥር ሲደርቅ ብዙ ሰው ወደ መርጫው ይሮጣል። በዚያን ጊዜ ክሽክሹ ከደረቀው ቅርንጫፍ ለቆ ሄዶ ይሆናል። መድኃኒቱም የሚያገኘው ጥንዚዛውንና ንቡን ይሆናል። ጥንዚዛ ክሽክሽን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በማላዊ የተለቀቀችው ጥቃቅን ተርብም እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ጥላ ትገድለዋለች። እነዚህን ረዳቶች መጨረስ ለተባዩ መንገድ መክፈት ነው።

በመሆኑም ተባዩ በጥቂት ቅርንጫፎች ላይ ሲታይ ቅርንጫፎቹን ቆርጦ ወዲያው ማቃጠል፣ የቀረውን በውሃ ግፊት ማጠብ ይገባል። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል የተፋቀ ሳሙና በጥብጦ፣ አስቀድሞ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሮ መርጨትም ይረዳል። ኬሚካል የግድ ከሆነ የተመዘገበና በባለሙያ የተመከረ ይሁን፤ መጠኑ በመለያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ርጭቱ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ በምሽት ይሁን፤ ባለ ቀፎ ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረው። የኬሚካሉ ዕቃ ለውሃም ለዘይትም መያዣ አይሁን።

የማኅበራት ድርሻ

አንድ አባል አጥሩን ቢያጸዳ ጎረቤቱ ካላጸዳ ተባዩ ይመለሳል። ማኅበራት የአሰሳ ቀን ቢወስኑ፣ የችግኝ ጣቢያዎችም ክሽክሽ ያለበትን ችግኝ ከመሸጥ ቢቆጠቡ፣ ተባዩ የታየበትንም ቦታ ለቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቁ ጥቅሙ የሁሉም ነው። አዲስ አጥር የሚተክልም ጥድን ብቻ ከመደርደር ክትክታና ቀጋ ቢቀላቅል አንድ ተባይ አጥሩን በሙሉ አይወስድበትም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ አጥሩን ገልጦ ያየ አርሶ አደር የዓመታት ድካሙን ያድናል።